ሰንጋው ማመስኳት ካቆመ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለፋሲካ ገበያ ሦስት ሰንጋ እያደለብኩ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ የገብስ ጭድና ድርቆሽ፣ ላዩ ላይ ጥቂት ፍሩሽካ ነበር የምሰጣቸው። አንድ ሰው ‹ሲያመሰኩ የሚውሉት ጉልበታቸውን እያባከኑ ነው፤ መኖውን ፈጭተህ ብትሰጣቸው ቶሎ ይሰባሉ› አለኝ። ድርቆሹን ወፍጮ ቤት ወስጄ አስፈጨሁት። ከበቆሎና ከስንዴ ዱቄት ጋር እየቀላቀልኩ መስጠት ጀመርኩ። መጀመሪያ ጥሩ በሉ። ሳምንት ሳይሞላ ግን አንዱ መብላት ቀነሰ፣ ማመስኳት አቆመ፣ እበቱ ቀጠነ። እበቱ አረፋ አለው፣ ይኮመጥጣል። ጎረቤቶቼ ‹የሚያመሰኳውን ውጦት ነው፤ ከሌላ በሬ አፍ አውጥተህ አጉርሰው› ይሉኛል። ሌላው ፔኒሲሊን አስወጋው ይላል። ለመሆኑ በሬ የሚያመሰኳው ለምንድን ነው? ቢቀርበትስ ምን ይጎድልበታል?»

ምላሽ፦ ዛሬውኑ ዱቄቱን ያቁሙ። ለታመመው ብቻ ሳይሆን ለሁለቱ ጤነኞችም። በምትኩ ያልተፈጨ ድርቆሽ ያቅርቡላቸውና የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። የዘረዘሩት ምልክት በአብዛኛው የሚታየው ሆድ ውስጥ አሲድ ሲበዛ ነው። ቶሎ ከተያዘ ይድናል። ከባድ ሆኖ ከዘገየ ግን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል። ቀሪውን ማብራሪያ ሐኪሙን እየጠበቁ ያንብቡት።

ማመስኳት ጉልበት ማባከን ነው ያለዎት ሰው ነገሩን ገልብጦታል። እርግጥ ነው፣ ጤነኛ በሬ በቀን ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ሲያመሰኳ ያሳልፋል። አብዛኛውን ደግሞ ሌሊት ተኝቶ ነው። ለሚያየው ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል። ግን ጭዱ ሥጋ የሚሆንበት መንገድ የሚጠረገው ያኔ ነው። ለማኘኩ የሚያወጣው ጉልበት፣ ከሚያገኘው ጥቅም ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

በሬ በራሱ አቅም ሣር ማላም አይችልም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል። የሣርና የጭድ ዋናው ክፍል ሴሉሎስ የሚባል አሰር ነው። ሴሉሎስ የተሠራው ከስኳር ነው። ስኳሮቹን አንድ ላይ የያዘውን ሰንሰለት የሚበጥስ ኢንዛይም ግን የበሬ ሰውነት አያመርትም። የእኛም አያመርትም። የሚያመርቱት በሬው ሆድ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው፤ ባክቴሪያዎች፣ ፕሮቶዞዋዎችና ፈንገሶች። ከትልቁ ጨጓራ በተቀዳ አንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ብቻ 10 ቢሊዮንና ከዚያ በላይ ባክቴሪያ ይገኛል። አድላቢ በመጀመሪያ የሚቀልበው እነዚህን ነው። እነሱ ከተመቻቸው በሬው ይሰባል። እነሱ ካለቁ በሬው ሆዱ ሞልቶ ይራባል።

የሚኖሩበትን ቤት እንይ። በሬ አራት ሆድ አለው ሲባል ይሰማል። ትክክሉ አራት ክፍል ያለው አንድ ሆድ አለው ነው። አንደኛውና ትልቁ ክፍል፣ ትልቁ ጨጓራ ያልኩት፣ የግራ ጎኑን ከሞላ ጎደል ይይዘዋል። ሲታረድ ፈርሱ የሚወጣው ከዚህ ነው። በትልልቅ የወተት ላሞች ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። የአገራችን ከብት አካሉ አነስ ስለሚል ሆዱም በዚያው ልክ ያንሳል። ሁለተኛው ክፍል ግድግዳው መረብ መሳይ ነው፤ ከትልቁ ጨጓራ ጋር የተያያዘ ሲሆን የሚቀመጠው ልብ አጠገብ ነው። የልብ ነገር ኋላ ያስፈልገናል። ሦስተኛው ሽንፍላ ነው፤ ታጥቦ የማይጠራው። እጥፋቶቹ የበዙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚያልፈውን መኖ ውሃ መጥጠው ያስቀራሉ። አራተኛው ከእኛ ጨጓራ ጋር የሚመሳሰለው፣ የራሱን አሲድ የሚያመነጨው ክፍል ነው።

በሬ የላይኛው የፊት ጥርስ የለውም። ሣሩን በምላሱ ጠቅልሎ፣ ከታችኛው ጥርስና ከላይኛው ድድ መካከል አድርጎ ይነጨዋል። ጥቂት ጊዜ ብቻ አኝኮ ይውጠዋል። ሲጠግብ ጋደም ይላል። ከዚያ ሁለተኛው ክፍል ጠንከር አድርጎ ይኮማተራል። በሬው ደግሞ የትንፋሹን ቧንቧ ዘግቶ አየር እንደሚስብ ሰው ደረቱን ይለጥጣል። በደረቱ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ከሆዱ አንድ ጉርሻ ተስቦ ጉሮሮው ውስጥ ይገባና ሽቅብ ይወጣል። አንገቱን በግራ በኩል ካስተዋሉ ወደ ላይ የሚሮጥ እብጠት ያያሉ። አፉ ሲደርስ መጀመሪያ ፈሳሹን ጨምቆ ይውጣል። የቀረውን በመንጋጋው ከ40 እስከ 70 ጊዜ ያህል ያኝከዋል፤ አንድ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ይውጠዋል፣ ጥቂት ሰከንድ ያርፋል፣ ሌላ ጉርሻ ይመጣል። በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ጉርሻ እንዲህ ይመላለሳል።

እንግዲህ «ውጦታል» የሚለው አባባል አያስኬድም። በሬ አፉ ውስጥ የሚጠብቃት አንዲት ጉርሻ የለችውም። መዋጥ የሥራው አካል ነው። የተዋጠው በደንብ ከደቀቀ ወደ ታች ይሰምጥና በጥቂት ሚሊ ሜትር መጠን ወደ ሽንፍላ ያልፋል። ያልደቀቀው ላይ ተንሳፎ ይቀርና እንደገና ይመጣል። ማመስኳት ሲቆም የጠፋች ጉርሻ አትፈለግም፤ የሚፈለገው ያስቆመው ምክንያት ነው።

«ታዲያ ማኘክ ማድቀቅ ከሆነ፣ ወፍጮው ለምን አይተካውም?» ይሉ ይሆናል። ወፍጮ ጥርስን ይተካል። ምራቅን ግን አይተካም። የእርስዎም በሬ የታመመው እዚህ ላይ ነው።

ትልቅ ላም በቀን 100 ሊትርና ከዚያም በላይ ምራቅ ታመነጫለች። ምራቁ ባይካርቦኔትና ፎስፌት አለበት። ሁለቱም አሲድ ያበርዳሉ። ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ተሕዋስያኑ መኖውን ሲያብላሉ አሲድ ስለሚያመነጩ ነው። አሲዱ ቆሻሻ እንዳይመስልዎት። አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክና ቡቲሪክ የሚባሉት አሲዶች በሆዱ ግድግዳ በኩል ወደ ደም ይገባሉ። በሬው ከሚያገኘው ጉልበት 70 በመቶ ያህሉ ከእነሱ ነው። በሬው በትክክል የሚኖረው በእነሱ ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ ከመጠን በላይ ሲጠራቀሙ ነው። ፒኤች የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። ጤነኛ ሆድ በዚህ መለኪያ ከ6 እስከ 7 ድረስ ነው። ከ6 ሲወርድ አሰር የሚያልሙት ባክቴሪያዎች ሥራቸውን ይቀንሳሉ። ከ5.5 ሲወርድ በሽታ ይጀምራል።

አሁን እርስዎ ያደረጉትን በዚህ ዓይን ይዩት። የበቆሎ ዱቄት፣ በተለይ ደግሞ የስንዴ ዱቄት፣ በጣም ፈጥኖ ይብላላል። አሲዱ በአንዴ ይጎርፋል። በሌላ በኩል በሬውን እንዲያመሰኳ የሚቀሰቅሰው የሆዱን ግድግዳ የሚቧጥጠው ረጅም ሣር ነው። ድርቆሹ ሲፈጭ ያ መቀስቀሻ ጠፋ። በሬው ማመስኳት ቀነሰ፣ ምራቁም ቀነሰ። አሲዱ በጨመረበት ሰዓት ማብረጃው ጎደለ። ቀጥሎ ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች ይረከባሉ። ላክቲክ አሲድ ከሌሎቹ በጣም የበረታ ነው፤ ፒኤቹን ከ5 በታች ያወርደዋል። ያኔ ትልቁ ጨጓራ መኮማተር ያቆማል። ማመስኳት ጭራሽ ይቀራል። ሆዱ ውስጥ የተከማቸው አሲድ ከደም ውሃ ይስባል። እበቱ ይቀጥናል፣ ዓይኑ ይጎደጉዳል። የሆዱ ግድግዳ ይቃጠላል። በተቃጠለው በኩል ባክቴሪያ ወደ ጉበት ሄዶ መግል ይቋጥራል። ከሳምንታት በኋላ ሰኮናው ታሞ የሚያነክስም አለ።

ለበዓል ተገዝቶ ቤት የገባ በግ ሊጥ ወይም ስንዴ አግኝቶ ከበላ በኋላ በማግስቱ ተነፍቶ የሚሞተውም በዚሁ መንገድ ነው። «ዓይን በላው» ይባላል። የበላው ዱቄቱ ነው። በግና ፍየልም እንደ በሬ ያመሰኳሉ፤ ሆዳቸው የሚሠራበት ሕግ አንድ ነው።

የጎረቤቶችዎ ምክር ግን እንዳለ የሚጣል አይደለም። ምክንያቱን ቢስቱትም ድርጊቱ እውነት አለበት። አሲዱ በበረታ ጊዜ በሆዱ የነበሩት ጠቃሚ ተሕዋስያን፣ በተለይ ፕሮቶዞዋዎቹ፣ ያልቃሉ። ከጤነኛ በሬ ሆድ የተወሰደ ፈሳሽ ሲገባለት፣ አዲስ ሊጥ ላይ እርሾ እንደመጨመር ነው። የእንስሳት ሐኪሞችም ይህን በየዓለሙ ያደርጉታል። ሆኖም ከአፍ የወጣች አንዲት ጉርሻ በጣም ትንሽ ናት። ለአንድ በሬ ቢያንስ 3 ሊትር፣ ከተገኘም 8 ሊትርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። አፉ ውስጥ እጅ ከቶ ማውጣትም አደገኛ ነው፤ መንጋጋው ጣት ይቆርጣል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ያለበት ከብት ከሆነ ደግሞ ምራቁ ይገድላል። ምራቁ የሚዝረከረክ፣ ጠባዩ የተለወጠ፣ መዋጥ ያቃተው ከብት ካዩ አፉን በባዶ እጅ አይንኩ። ተገቢው መንገድ ቄራ ላይ በሐኪም ታይቶ ጤነኛ ከተባለ፣ አሁን ከታረደ ከብት ፈርስ ላይ ፈሳሹን አጥልሎ፣ ሳይቀዘቅዝ በቱቦ መስጠት ነው። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። አሲዱ ሳይበርድ ቢሰጥ አዲሶቹም እዚያው ያልቃሉ። ስለዚህ ሐኪሙ መጀመሪያ አሲዱን ያበርዳል፣ ከዚያ ፈሳሹን ያስገባል።

ፔኒሲሊንን በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው። ሆድ ውስጥ የተከማቸ አሲድ በመርፌ አይወጣም። ሐኪሙ መርምሮ ጉበቱን ከመግል ለመጠበቅ ካዘዘ ሌላ ነገር ነው። መድኃኒት ቤት ሄዶ በግምት መውጋት ግን ሁለት ጉዳት አለው። ዋናውን ሕክምና ያዘገያል። ደግሞም መድኃኒቱ ከሥጋው ሳይወጣ በሬው ለእርድ ይቀርባል። ማንኛውም መድኃኒት ከተሰጠ ከስንት ቀን በኋላ ሊታረድ እንደሚችል ሐኪሙን ይጠይቁ፣ ያንንም ይጠብቁ።

ሐኪሙ እስኪደርስ ብዙ ሰው አንድ ነገር ማድረግ ይፈልጋል። የምግብ ሶዳ በውሃ ማጠጣት አሲድ ያበርዳል፤ መጠኑን ግን እንደ በሬው ክብደት ሐኪሙ በስልክም ቢሆን ይንገርዎት። ለዳቦ የሚገዛው ቤኪንግ ፓውደር ሶዳ አይደለም፤ በውስጡ አሲድ ስላለበት አይጠቅምም። የአመድ ውሃ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ አይስጡ። አረቄም አይስጡ። ከሁሉ በላይ፣ ተኝቶ አንገቱን የዘረጋ ወይም መዋጥ ያቃተው በሬ አፍ ውስጥ ምንም ፈሳሽ አያፍስሱ። ወደ ሳንባው ይገባል። አሲዱን የተረፈ ስንት ከብት በዚህ የተነሳ በሳንባ ምች ይሞታል።

ግራ ሽንጡ ከበሮ እስኪመስል ተነፍቶ ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ ሌላ አደጋ መጥቷል። መኖ ሲብላላ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን የሚባሉ ጋዞች ይወጣሉ፤ ጤነኛ በሬ በየደቂቃው ገደማ እያገሳ ያስወጣቸዋል። ማግሳት ካቃተው ጋዙ ሳንባውን ይጫናል። የፊት እግሮቹ ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንዲሆኑ ያቁሙትና ሐኪሙን ያጣድፉ። በቢላ መውጋቱን ለባለሙያ ይተዉት።

ከዚህ ድረስ የተናገርኩት ጥያቄዎን አንብቤ ነው፤ በሬውን አላየሁትም። ማመስኳት የሚያስቆም ነገር ብዙ ነው። ትኩሳት ያስቆመዋል። አፍተግር አፉን ካቆሰለው ማኘክ ያመዋል። ከተማ ዳር የሚሰማራ ከብት ከሆነ ደግሞ ፌስታልን ይጠርጥሩ። ፌስታል አይልምም፣ አይደቅም፣ ወደ ታችም አያልፍም። እየተቋጠረ ለዓመታት ይከማቻል። ቦታውን ይይዛል፣ መውጫውን ይዘጋል። ከብቱ እየበላ ይከሳል። ይህን መርፌም ክኒንም አይፈታውም፤ ሆድ ተከፍቶ መውጣት አለበት፣ ያ ደግሞ በየቦታው አይገኝም። ሌላው ሚስማርና ሽቦ ነው። በሬ መኖውን ብዙም ሳያኝክ ስለሚውጥ ሽቦ መኖሩን አያውቅም። ብረቱ ከባድ ስለሆነ መረብ መሳዩ ክፍል ውስጥ ይወድቃል። ያ ክፍል በተኮማተረ ቁጥር ሽቦው ወደ ፊት ይገፋል። ልብ አጠገብ ነው ያልኩት ለዚህ ነበር። እንዲህ ያለው በሬ ጀርባውን አጉብጦ ይቆማል፣ ቁልቁለት መውረድ ይፈራል፣ ሲንቀሳቀስ ያቃስታል። የእርስዎ በሬ ይህን ካሳየ ለሐኪሙ ይንገሩት። ድርቆሹ በሽቦ ታስሮ የመጣ ከሆነም ይንገሩት።

በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ጥቁር ደም የሚፈስ ከብት ቢያጋጥምዎ አይክፈቱት፣ አይግፈፉት። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ሰውንም ይገድላል። ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ።

አሁን ወደ ማድለቡ። «ታዲያ ጭድ ብቻ ልስጥ?» ካሉኝ፣ እሱም አያሰባም። ጭድ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ3 እስከ 5 በመቶ ያህል ነው። ተሕዋስያኑ በደንብ ለመሥራት 7 በመቶ ገደማ ይፈልጋሉ። ከዚያ ካነሰ ጭዱ ሳይልም ሆዱ ውስጥ ይከርማል። በሬው ሆዱ ስለሞላ ሌላ አይበላም። ከውጭ ጠግቦ ይታያል፣ ከውስጥ ግን ይከሳል። ማመስኳት እንኳ ሁሉን አያድንም። ጭድን እንጨትማ የሚያደርገው ሊግኒን የቱንም ያህል ቢታኘክ አይልምም። ለዚህ ነው ፋጉሎ፣ ማለትም ከዘይት ጭመቃ የሚቀረው ተረፈ ምርት፣ የሚያስፈልገው። የኑግ ፋጉሎ ፕሮቲኑ 30 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ጥቂት ኪሎ ፋጉሎ የሚሠራው ራሱ ብቻ አይደለም፤ ተሕዋስያኑን አጠንክሮ ጭዱም በተሻለ እንዲልም ያደርጋል። ተሕዋስያኑ ራሳቸው በስተመጨረሻ ከመኖው ጋር ተጠርገው ወደ አራተኛው ክፍል ይወርዳሉ፤ እዚያ ይታለማሉ። በሬው ከሚያገኘው ፕሮቲን ትልቁ ድርሻ የእነሱ አካል ነው። ይህ ነገር ዛሬም ድረስ ያስደንቀኛል፤ ሙክት ሆነ ሰንጋ ሥጋውን የሚሠራው ሆዱ ውስጥ ካረባቸው ፍጥረታት ነው።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ድርቆሽና ጭድ አያስፈጩ። መቆራረጥና ማስፈጨት ይለያያሉ። የጣት ርዝመት ያህል አድርጎ መቆራረጥ ብክነት ይቀንሳል፣ በሬውም ጉቶውን እየመረጠ አይጥልም። ወደ ዱቄትነት ማድቀቅ ግን ማመስኳትን ይገድላል። በቀን ከሚሰጡት ደረቅ መኖ ቢያንስ ግማሹ እንዲህ ያለ ረጅም መኖ ይሁን። እህል ከሰጡም የተከካ እንጂ ዱቄት አይሁን። ከስንዴ ይልቅ በቆሎ ይምረጡ፤ በቆሎ ቀስ ብሎ ነው የሚብላላው። ጠዋት መጀመሪያ ድርቆሽ ይቅረብ፣ ምራቁ ይምጣ፣ ከዚያ ፍሩሽካውና ፋጉሎው ይከተል። እህሉን በአንዴ አይጨምሩ። ተሕዋስያኑ ለአዲስ መኖ እስኪላመዱ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃሉ። በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ግማሽ ኪሎ ያህል እየጨመሩ ይሂዱ። የቀኑን ድርሻ በአንድ ጊዜ ከመስጠት ለሁለትና ለሦስት ይክፈሉት። ውሃ ሁልጊዜ ይኑር፣ ጨውም ይላሱ።

የሐረርጌ አርሶ አደሮች ለዚህ ምስክር ናቸው። የሐረር ሰንጋ ስሙ የወጣው በዱቄት አይደለም። የማሽላና የበቆሎ ቅጠልና አገዳ ነው በእጃቸው እየመረጡ፣ ጥቂት በጥቂት የሚያጎርሱት። በሬው ቀኑን ሙሉ ይበላል፣ ያመሰኳል። ረጅም መኖ፣ በትንሽ በትንሹ። ሰንጋው ሞገስ ያለው ሆኖ ገበያ የሚወጣው በዚህ ነው።

በእርስዎ አካባቢ የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ይገኛል። አተላም አለ። ሁለቱም ጥሩ ፕሮቲን አላቸው፤ ድርቆሽን ግን አይተኩም፣ የሚታኘክ ነገር የላቸውምና። እርጥብ ስለሆኑም ቶሎ ይበላሻሉ፤ የሻገተውን ይድፉት። ጭዱን በዩሪያ ማከምም ሌላ አማራጭ ነው። ለ100 ኪሎ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በውሃ ተበጥብጦ ይረጭና አየር እንዳይገባ ተሸፍኖ ይቀመጣል። በቆላ ሦስት ሳምንት ይበቃዋል፤ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርድ አገር አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይጠብቁ። ከመስጠትዎ በፊት ሽታው እንዲወጣ ያናፍሱት። ዩሪያን በመጠጥ ውሃ በጥብጦ መስጠት፣ ወይም ከመኖ ላይ በእፍኝ መነስነስ፣ በሬ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ጭዱን ማከሙንም ባለሙያ ካላሳየዎ በቀር አይሞክሩት። ለጥጆችም አይስጡ። ለአህያና ለበቅሎም አያስፈልግም፤ እነሱ አያመሰኩም፣ ሣሩን የሚያብላሉት በኋለኛው አንጀታቸው ነው።

መኖው ልክ መሆኑን በሬዎቹ ራሳቸው ይነግሩዎታል። ከበሉ ከጥቂት ሰዓት በኋላ፣ በፀጥታ ሲተኙ ይመልከቷቸው። ማንም ሳይረብሻቸው ከሁለቱ አንዱም የማያመሰኳ ከሆነ ይጠርጥሩ። አንዱን መርጠው በአንድ ጉርሻ ስንት ጊዜ እንደሚያኝክ ይቁጠሩ። ከ40 በታች ከሆነ ረጅም መኖ አንሶታል። በግራ ጎኑ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ጭብጥዎን ጫን ያድርጉ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ እጅዎን የሚገፋ ማዕበል ሊሰማዎት ይገባል። ምንም ካልተሰማዎ ሆዱ ቆሟል ማለት ነው። እበቱንም ይዩ። አረፋ ያለው፣ ቀጭን፣ ያልተላመ እህል የሚታይበት እበት እህሉ እንደበዛ ይናገራል።

የታመመው በሬ ማገገሙን መጀመሪያ የሚያውቁት ማመስኳት ሲጀምር ነው። ያኔም እህል አይስጡት። ለብዙ ቀን ጥሩ ድርቆሽ ብቻ ይብላ። ከዚያ ፋጉሎ በጥቂቱ፣ እህል በመጨረሻ። ወደ ቀድሞ አቅሙ ለመመለስ ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ ለዘንድሮው ፋሲካ አይቁጠሩት። ሁለቱን ጤነኞች ያቅርቡ። እሱን ለቀጣዩ ገበያ ያቆዩት። «ሳይሞትብኝ ልሽጠው» የሚል ሐሳብ ከመጣ ይተዉት። የታመመ በሬ ለቅርጫ ማቅረብ ሰው ላይ መፍረድ ነው፤ ሥጋው ይበላል አይበላም የሚለውን የሚወስነው ሐኪም ብቻ ነው።